ዳውን ሲንድረም፦ ከልብ ምርመራ እስከ ሥራ ቅጥር በጊዜው ሊደርስ የሚገባው ድጋፍ

ዳውን ሲንድረም በሽታ ሳይሆን ከጽንስ ጀምሮ የሚኖር የዘረ መል ልዩነት ነው። የሰው ልጅ ሕዋስ በመደበኛነት 46 ክሮሞዞሞች አሉት፤ ዳውን ሲንድረም ባለበት ሰው ዘንድ ግን 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት ይሆናል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን ምልክቶቹን እ.ኤ.አ. በ1866 ጽፎ አስተዋወቀ፤ መንሥኤው የታወቀው ግን በ1959 ነው። የእናት ዕድሜ ሲገፋ የመከሰት ዕድሉ ቢጨምርም ከወጣት እናቶችም የሚወለዱ ብዙዎች ናቸው። እርግማንም ሆነ የወላጅ ጥፋት አይደለም።

ጤና፦ ጊዜ የማይሰጠው ምርመራ

ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ሕፃኑ ደኅና ቢመስልም እንኳ እንደተወለደ የልብ አልትራሳውንድ ሊታይ የሚገባው ለዚህ ነው። አንዳንዱ የልብ ክፍተት በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀዶ ሕክምና ካልተስተካከለ የሳንባ ደም ሥሮችን ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምናው ላይቻል ይችላል። የታይሮይድ ዕጢ፣ የመስማትና የማየት ምርመራም በየጊዜው ያስፈልጋል።

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ የመጀመሪያው በር የአካባቢው ጤና ጣቢያ ነው። በክፍለ ከተማው የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ሲሆን፣ ለሕፃናት የልብ ሕክምና ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል አለ። የቀዶ ሕክምና ወረፋ ረጅም በመሆኑ ወላጆች የሪፈር ወረቀቱን ሳያዘገዩ መጠየቅ አለባቸው።

ቴራፒ፦ በቤት የሚቀጥል ሥራ

የሕፃናቱ ጡንቻ ልል ስለሆነ አንገት መያዝ፣ መቀመጥና መራመድ ይዘገያል። ፊዚዮቴራፒ ሰውነትን ያጠነክራል፤ የንግግር ሕክምና ደግሞ ከመናገር በፊት ማኘክንና መዋጥን ያግዛል። ብዙዎቹ ከሚናገሩት ይልቅ የሚረዱት ይበልጣል፤ ስለዚህ ቃሉን ከምልክትና ከሥዕል ጋር አጣምሮ ማሳየት ይረዳል። ባለሙያው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያሳየውን እናት፣ አባትና ታላላቅ ልጆች በየቀኑ ሲደግሙት ነው ውጤት የሚገኘው። በቀድሞው አፈ ጉባዔ አባዱላ ገመዳ የተመሠረተው ዲቦራ ፋውንዴሽን ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን ልጆች ከሚደግፉ ተቋማት አንዱ ነው።

ሥራ፦ ከፈተና ውጤት ባሻገር

የሕክምና መሻሻል በበለጸጉ አገሮች ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን ሰዎች አማካይ ዕድሜ ወደ 60 ዓመት አድርሶታል። ረጅም ዕድሜ ግን ሥራ ይፈልጋል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ያካትታል። አዋጁ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይሰጣል፤ በጽሑፍ ፈተና ለማይወዳደር ወጣት ግን ይህ ብቻውን በር አይከፍትም። የበለጠ የሚጠቅመው አሠሪው ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲያሟላ የሚያስገድደው ክፍል ነው። ይህም ሥራውን በደረጃ ከፋፍሎ በሥዕል ማሳየትን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብሮ የሚሠራ አሠልጣኝ መመደብንና ተግባሩን ሳይለዋውጡ ማስለመድን ይጨምራል። ዳቦ ቤት፣ ካፌ፣ የዕቃ ማሸጊያ ክፍልና የአትክልት ቦታ ለዚህ ይመቻሉ።

ኮልፌ ለዚህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ መልሶ ማቋቋሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲመሠረት ታካሚዎቹ ከኅብረተሰቡ የተገለሉ ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚያው አካባቢ ኖረው በጥልፍና በእጅ ሥራ ራሳቸውን ችለዋል። ሕክምና ያለ መተዳደሪያ ግማሽ መሆኑን ሰፈሩ ቀድሞ ያውቃል።

በየዓመቱ መጋቢት 12 የዓለም ዳውን ሲንድረም ቀን ይታሰባል፤ ቀኑ 21ኛውን ክሮሞዞምና ሦስቱን ቅጂዎች ለማመልከት ማርች 21 ላይ የተመረጠ ነው። ለቤተሰቦች ግን ዋናው ቀን ሕፃኑ የተወለደበት ነው፤ ምርመራው ከዚያ ይጀምራልና።