ኢንዛይም አበራካች

በሕክምና «ኢንዛይም ኢንዱሰር» የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። በአማርኛ «ኢንዛይም አበራካች» ብንላቸው ሥራቸውን ይገልጸዋል፤ መድኃኒትን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች በጉበት ውስጥ እንዲበራከቱ ያደርጋሉና። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ሁሉ ልታውቃቸው ይገባል።

የኪኒኑ ሆርሞን ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ጉበት ደግሞ ቀስ በቀስ ሰባብሮ ያስወግደዋል። በቀን አንድ ፍሬ የሚበቃው ይህ ታስቦ ነው። አበራካች መድኃኒት ሲጨመርበት ሆርሞኑ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ሴትየዋ አንድ ቀን እንኳ ሳትዘነጋ ልታረግዝ ትችላለች።

በአገራችን ቀዳሚው ምሳሌ ሪፋምፒሲን ነው። 6 ወር በሚፈጀው የቲቢ መደበኛ ሕክምና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይወሰዳል፤ ካበቃም በኋላ ተጽዕኖው 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዙት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶችም ኤፋቪሬንዝ ከዚሁ ወገን ናቸው። ዶሉቴግራቪር ግን አይደለም።

በክንድ የሚቀበረው መከላከያና ድንገተኛው ኪኒንም በእነዚህ መድኃኒቶች ይዳከማሉ። ሉፕና የሦስት ወር መርፌ ግን አስተማማኝ እንደሆኑ ይዘልቃሉ።

ኪኒኑን የሚያከሽፈው ግን ብዙዎች እንደሚፈሩት አንቲባዮቲክ ሁሉ አይደለም፤ አሞክሲሲሊንና ዶክሲሳይክሊን አበራካች አይደሉም። ብርቱ ተቅማጥ ወይም ትውከት ካስከተሉ ግን ሆርሞኑ ወደ ደም ሳይገባ ሊወጣ ይችላል።

ጉዳቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይመጣል። ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን ላሞትሪጂን የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው፣ ጋብ ብሎ የነበረው ሕመም ሊያገረሽ ይችላል።

ችግሩ የሚሰወረው ኪኒኑ ከአንድ ቦታ፣ ሌላው መድኃኒት ከሌላ ቦታ ሲገኝ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይ ባለሙያ አይኖርም። ስለዚህ የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም «ወሊድ መከላከያ ትወስጃለሽ?» ብሎ ይጠይቅ። ኪኒን የሚሸጥ ፋርማሲስትም «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ይበል። ካልተጠየቀች ራሷ ትንገራቸው። የቲቢውን ወይም የሚጥል በሽታውን መድኃኒት ማቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል፤ መለወጥ ያለበት መከላከያው ነው፤ እስኪለወጥም ኮንዶም ይጨመርበት።