ሰባት-አንድ-ሰባት፦ ስለ «አፈጻጸም መስፈርት»

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ «ፐርፎርማንስ ስታንዳርድ» የሚለው ቃል ይደጋገማል። «የአፈጻጸም ደረጃ» የሚሉት አሉ፤ «የአፈጻጸም መለኪያ» የሚሉትም አሉ። እኔ «የአፈጻጸም መስፈርት» ብንለው እመርጣለሁ። ደረጃ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደተከተለ ያሳስባል። መለኪያም ምን ያህል እንደተሠራ እንጂ ምን ያህል መሠራት እንደነበረበት አይነግረንም። መስፈርት ግን ከ«ሰፈረ» የመጣ ነው፤ እህል የሚሰፈርበት ቁና አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ መጉደሉንም መሙላቱንም ማንም ያየዋል።

እንዲህ ያለ ቁና በወረርሽኝ መከላከል ሥራ ላይ አለ፤ «ሰባት-አንድ-ሰባት» ይባላል። ዶክተር ቶም ፍሪደንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት መጽሔት ላይ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ወረርሽኝ ከተከሰተ በ7 ቀን ውስጥ መለየት፣ ከተለየ በ1 ቀን ማሳወቅ፣ ከዚያም በ7 ቀን የመጀመሪያዎቹን የምላሽ ሥራዎች ማጠናቀቅ ያስፈልጋል።

አንድ ቀበሌ ውስጥ ቢጫ ወባ ገባ እንበል። ቆጠራው የሚጀምረው ላቦራቶሪ ውጤቱን ባረጋገጠበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ታማሚ ምልክት ባሳየበት ቀን ነው። የመስፈርቱ ጥንካሬ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ታማሚው ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ቤቱ የተኛባቸው ቀናትም የሥርዓቱ ቀናት ሆነው ይቆጠራሉ። «ምላሽ» ሲባልም ቡድን መላክ ብቻ አይደለም፤ ናሙና መመርመር፣ ሕሙማንን ማከም፣ ከማኅበረሰቡ ጋር መነጋገር፣ ሥራውን የሚያስተባብር አካል ማቋቋም ሁሉ ይገባበታል።

መስፈርቱ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብራዚል፣ በላይቤሪያ፣ በናይጄሪያና በዩጋንዳ ተሞክሯል። ከተገመገሙት 41 ክስተቶች ሦስቱንም ቀነ ገደብ ያሟሉት 11 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ አሳሳቢ ነው፤ ሆኖም ለወቀሳ መዋል የለበትም። ቀኑ ባለፈ ቁጥር ባለሙያዎቹ «የቱ ጋ ቆመ?» ብለው ማነቆውን ይፈልጋሉ፤ ናሙናው መጓጓዣ አጥቶ ይሆን? ወይስ ሪፖርቱ ወረዳ ላይ ቀርቶ?

ይህ ሁሉ የሚሠራው ታዲያ ቀኖቹ በትክክል ከተጻፉ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «መቼ ነው ያመመው?» ብላ ጠይቃ መዝገቧ ላይ የምታሰፍረው ቀን የቁናው የመጀመሪያ ፍሬ ነው።