አንድ ሃያ አምስተኛ፦ የሆት ሮድና የድራግ መኪና ሞዴሎች ታሪክ

ሆት ሮድ ፋብሪካ ሠርቶ የሚሸጠው መኪና አይደለም። ፋብሪካ የሠራውን አሮጌ መኪና ወጣቶች ጓሮ ውስጥ ፈተው፣ ትርፉን አውጥተው፣ ሞተሩን አጠንክረው መልሰው የሚገጥሙት ነው። የተወለደው ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሎስ አንጀለስ ወጣቶች በርካሽ የገዟቸውን ፎርዶች ፓራፋንጎና ኮፈን እያወለቁ፣ ሙሮክና ኤል ሚራዥ በተባሉ የደረቁ ሐይቆች ወለል ላይ ይፎካከሩባቸው ነበር። ፎርድ በ1932 ያወጣው መኪና ደግሞ ለዚህ ሥራ ታስቦ የተሠራ ይመስል ነበር፤ በዝቅተኛ ዋጋ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው ቪ-8 ሞተር ይዞ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፉክክሩ ወደ አስፋልት ተሻገረ። በ1950 ሳንታ አና ከተማ በሚገኝ አየር ማረፊያ መንደርደሪያ ላይ መደበኛ ውድድር ተጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር አቋቋመ። ድራግ የሚባለው የዚህ ውድድር ሕግ አጭር ነው፦ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ከቆሙበት ይነሳሉ፤ በተለምዶ ሩብ ማይሉን፣ ማለትም 402 ሜትሩን ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል።

የእነዚህ መኪኖች ሞዴል ግን ከውድድር ሜዳ አልመጣም፤ የመጣው ከመኪና ሻጮች ጠረጴዛ ነው። በ1948 ዌስት ጋሎግሊ የተባለ የዲትሮይት አካባቢ ጠበቃ «አልሙኒየም ሞዴል ቶይስ» የሚል ኩባንያ ከፈተ፤ በኋላ ኤኤምቲ ተብሎ የታወቀው ይህ ነው። ሥራው ለፎርድ ሻጮች ማስተዋወቂያ የሚሆኑ ትናንሽ መኪኖችን ማቅረብ ሲሆን፣ ቀለማቸው ሳይቀር ከእውነተኛው መኪና ቀለም ጋር አንድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አልሙኒየሙ በፕላስቲክ ተተካ፤ መጠኑም ከእውነተኛው አንድ ሃያ አምስተኛ ሆኖ ጸና። የያኔው ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ይጣመም ስለነበር፣ ከዚያ ዘመን የተረፉት ብዙዎቹ ዛሬ ወገባቸው የጎበጠ ነው።

ትልቁ ለውጥ በ1958 መጣ። ኤኤምቲ ማስተዋወቂያዎቹን ያመርትበት የነበረውን የብረት ቅርጽ ማውጫ ተጠቅሞ፣ ሳይገጣጠም በሳጥን የሚሸጥ ሞዴል አወጣ። በአንዱ ሳጥን ውስጥ ለሦስት ዓይነት መኪና የሚበቃ ዕቃ ነበር፤ ገዢው ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ወይም እንደ ጌጠኛ መኪና፣ ወይም እንደ ተወዳዳሪ አድርጎ ሊሠራው ይችላል። ለኩባንያው ይህ ጥቂት ተጨማሪ ፕላስቲክ ብቻ ነበር። ለሠሪው ግን ከዚያ በኋላ ከወጡት ፈጠራዎች ሁሉ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሦስቱ አንዱ ተመርጦ ሲሠራ የቀሩት ዕቃዎች አይጣሉም፤ ተጠራቅመው ለሚቀጥለው መኪና ይውላሉ። እውነተኛው ሆት ሮድም የሚሠራው ሞተሩ ከአንዱ፣ ካምቢዮው ከሌላው፣ ዲፈረንሻሉ ከሦስተኛው መኪና እየተለቀመ ነው። የኦሃዮው ወይም የቴክሳሱ ልጅ ሳያስበው የካሊፎርኒያን ወጣቶች መኪና ብቻ ሳይሆን የአሠራር ልማዳቸውንም ተማረ።

የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች አንድ ጉድለት ነበረባቸው፤ ኮፈናቸው አይከፈትም፣ ሞተርም የላቸውም። ሆት ሮድን ያለ ሞተር ማሳየት ደግሞ ዋናውን ነገር መደበቅ ነው። ኤኤምቲ በ1950ዎቹ መጨረሻ የ1932ቱን ፎርድ ከነሞተሩ ሲያወጣ ነገሩ ተስተካከለ፤ ከዚያ ወዲህ ሞዴል የሚመዘነው በሞተሩ ሆነ። በ1963 ከኤኤምቲ የወጣው ጆርጅ ቶቴፍ እዚያው ሚሺጋን ውስጥ ኤምፒሲን መሠረተ። በቺካጎ ሞኖግራም፣ በካሊፎርኒያዋ ቬኒስ ሬቭል ተፎካካሪ ሆነው ቆሙ። ሞኖግራም በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ቢግ ቲ» የተባለውን በአንድ ስምንተኛ መጠን የተሠራ ሆት ሮድ ለገበያ አቀረበ፤ ለመደርደሪያ ሳይሆን ለጠረጴዛ የሚሆን ግዙፍ ነገር ነው። ሬቭል ደግሞ ኤድ ሮዝን አገኘ። ሮዝ «ቢትኒክ ባንዲት» የተባለችውን፣ ጣሪያዋ እንደ አረፋ የተነፋና በመሪ ምትክ በአንድ ዘንግ የምትነዳ መኪና የሠራ ሰው ነው። የእሱን መኪኖች ተከትሎ «ራት ፊንክ» የተባለው ዓይኑ የፈጠጠ አይጥም በሳጥን ተሸጠ፤ ከመኪኖቹ ይልቅ ስሙን ያስጠራው አይጡ ነው ማለት ይቻላል።

የድራጉ ዓለም እውነተኛ ጀግኖችም ሳጥን ላይ ወጡ። ከነዚህ ውስጥ በተለይ የሚነሳው የስቶን፣ ዉድስና ኩክ የ1941 ዊሊስ ነው። ባለቤቶቹ ፍሬድ ስቶንና ቲም ዉድስ ጥቁሮች፣ ሹፌሩ ዳግ ኩክ ነጭ ሲሆኑ፣ ዘመኑ አሜሪካ በዘር ጉዳይ የምትናጥበት 1960ዎቹ ነበር። መኪናቸው በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ተወዳጅ ነው። በ1970 ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ሆት ዊልስን ያወጣው የአሻንጉሊት ኩባንያ ማቴል፣ «እባቡ» ለተባለው ዶን ፕሩዶምና «ሞንጉዝ» ለተባለው ቶም ማክኢወን የውድድር ወጪ መክፈል ጀመረ። በማስተዋወቂያ አሻንጉሊት የተጀመረው ታሪክ ተገልብጦ፣ አሻንጉሊቱ የእውነተኛውን መኪና ነዳጅ ገዛ።

ዝርዝር ሥራ የሚባለው የሚጀምረው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ሲያልቅ ነው። ፕላስቲኩ ጠንካራ ቀለም ሲያርፍበት ስለሚሰነጣጠቅ መጀመሪያ መሠረት ቀለም ይቀባል፤ ስቱኮ የገባበት በብርጭቆ ወረቀት ይላጋል። «ካንዲ» የሚባለው ቀለም ደግሞ ከሥሩ ብር ወይም ወርቅማ ቀለም ተቀብቶ፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም በስስ በስሱ እየተደራረበ የሚገኝ ነው፤ አንዱ ሽፋን ከወፈረ መኪናው ይጠቁራል። በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ክሮም የሚወጣው ማጣበቂያ ባለው እጅግ ስስ የአልሙኒየም ወረቀት ነው። የሳጥኑ ክሮም ዕቃዎች ከመጠን በላይ ስለሚያብረቀርቁ፣ ብዙዎች በበረኪና አስለቅቀው እንደገና ቀለም ይቀቧቸዋል።

ከሁሉ የሚያደክመው ሞተሩ ነው። የእውነተኛው ካንዴላ ሽቦ ውፍረት 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በሞዴሉ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ሠሪው እንደ ፀጉር በቀጠነ መሰርሰሪያ ስምንት ቀዳዳ በስቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ያስገባል። ሲያገናኛቸውም እንደመጣለት አይደለም፤ የክራይስለር ሄሚ ሞተር እሳት የሚያገኘው በ1-8-4-3-6-5-7-2 ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ጠንቃቃው ሠሪ ይህን ጠብቆ ይዘረጋቸዋል። ከሞተሩ በላይ የሚቀመጠው አየር ገፊ መሣሪያ ከጂኤምሲ ናፍጣ ሞተር የተወሰደ መሆኑን የሚያውቅ ደግሞ ቀበቶውንና የቤንዚን ቱቦውን ሳያሟላ አይተወውም። የኋላ ጎማው ለስላሳና ጥርስ የሌለው ነው። የማርሚታው ቧንቧዎች ጫፍ ውስጡ ካልተቦረቦረ ሥራው ሁሉ ድፍን ይመስላል። መጠኑም ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ የዛሬው ትልቁ የድራግ መኪና ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 7.62 ሜትር ስለሆነ፣ ሞዴሉ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል።

የ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስና የገበያው መቀዝቀዝ ኩባንያዎቹን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወራቸው። ኤኤምቲ በመጀመሪያ ለእንግሊዙ ሌስኒ፣ ቀጥሎም ለአዮዋው ኤርትል ተሸጠ፤ በ1986 ሬቭልና ሞኖግራም ተዋሃዱ። ከዚህ የከፋው ጉዳት የደረሰው በብረት ቅርጽ ማውጫዎቹ ላይ ነው። አዲስ ማውጫ መሥራት ውድ ስለሆነ፣ የአምናው መኪና ብረት እየተፈለፈለ የዘንድሮው ይሆን ነበር፤ የመጀመሪያው ቅርጽ በዚያው ጠፋ። ያልተከፈቱ የድሮ ሳጥኖችም ቢሆኑ ከዘመን አያመልጡም። ተለጣፊ ጽሑፎቹ ቢጫ ይሆናሉ፤ መስኮት ላይ ፀሐይ እንዲመታቸው ማድረግ ብዙ ጊዜ ያነጣቸዋል። ለስላሳው ጎማ ደግሞ ከነካው ጠንካራ ፕላስቲክ ጋር ለዓመታት ከተቀመጠ ቸርኬውን ያቀልጠዋል።

እውነተኞቹ መኪኖች የገጠማቸው ከዚህም ይብሳል። የድራግ መኪና በቃኝ ሲል ሞተሩ ተነቅሎ ለሌላ ይሸጣል፣ ሻንሲው ይቆረጣል። መጋቢት 8 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. በሎንግ ቢች አቅራቢያ በሚገኘው የላየንስ ሜዳ የድራግ ተወዳዳሪው የዶን ጋርሊትስ መኪና ካምቢዮዋ ፈንድቶ ለሁለት ተከፈለች፤ የቀኝ እግሩንም ከፊል አሳጣችው። በዚህ ምክንያት ሞተሩን ከኋላው አድርጎ የሠራት መኪና በቀጣዩ ዓመት ፖሞና ላይ አሸነፈች፤ ሞተሩን ከፊት የሚይዘው ዓይነት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሜዳው ጠፋ። ላየንስ ራሱ በታኅሣሥ 1972 ተዘጋ። ከጋርሊትስ መኪኖች አንዷ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገብታለች፤ እንዲህ ያለ ዕድል የገጠማቸው ግን ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ የሞዴል ሠሪው ጠረጴዛ ቀስ በቀስ የምርመራ ቦታ ሆነ። አንድን መኪና በአንድ የተወሰነ የውድድር ዕለት እንደነበረችው ለመሥራት የፈለገ ሰው የዚያን ዕለት ፎቶግራፎች ይሰበስባል፤ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ የማን ሥራ እንደነበር፣ የፓራሹቱ ቋጠሮ የት እንደታሰረ፣ በበሩ ላይ የተጻፈው ስም በየትኛው ወር እንደተቀየረ ያጣራል። ማንም ኩባንያ ያላወጣውን አካል በሬዚን የሚቀዱ፣ የጠፉ ጽሑፎችን አመሳስለው የሚያትሙ ትናንሽ ወርክሾፖች የተነሱት ለዚህ ፍላጎት ነው። በቅርብ ዓመታት ካርቡረተርና መላ ሞተር በኮምፒውተር ተነድፎ በባለሦስት አውታር (3D) ማተሚያ ይወጣል። የኤኤምቲንና የኤምፒሲን ብረቶች የያዘው የኢንዲያናው ራውንድ 2 ኩባንያም ከአሮጌዎቹ ማውጫዎች የተፈለፈሉትን ክፍሎች እንደገና እያስቀረጸ፣ የ1960ዎቹን ሳጥኖች ከነሥዕላቸው ወደ ገበያ መልሷል።