ማርትሬዛው «ስንት ያወጣል?» ከማለታችን በፊት

በሞያሌ፣ በመተማ፣ በጋላፊ ወይም በናይሮቢ ኢስትሌ የምንነግድ ቤተሰቦች አንድ የጋራ ዕቃ አለን፤ ከአያት የተረፈ ማርትሬዛ። በአንዱ ቤት በጨርቅ ተቋጥሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ በሌላው ቤት ቀለበት ተበጅቶለት የአንገት ጌጥ ሆኗል። ጠገራ ብርም እንለዋለን። ከተቀመጠበት ሲወጣ የሚከተለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «1780 ይላል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ስንት ያወጣል?»

ይህ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ቢቆጠር ከማርትሬዛው ብዛት አያንስም። መልሱም ተጽፎ ተቀምጧል። ሳንቲም መሰብሰብን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ማኅበር አላቸው፤ የለንደኑ በ1836፣ የኒውዮርኩ በ1858 ተመሠረተ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህ ሰዎች ያዩትን፣ የመዘኑትን፣ ያነጻጸሩትን በመጽሔትና በካታሎግ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ስለዚህ አዲስ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲመጣ የሚነግሩት የመጀመሪያ ነገር «አስቀድመህ መዝገቡን ተመልከት» የሚል ነው። ስድብ ይመስላል እንጂ አይደለም። መዝገቡን ያየ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ራሱ ስለሚለወጥ ነው።

መዝገቡ ምን ይላል? የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በኅዳር 1780 ነው። በስሟና በመልኳ የተሠራው ብር ግን በቀይ ባሕርና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ነጋዴዎች ዘንድ በጣም ታምኖ ስለነበር ማተሚያ ቤቶቹ ዓመተ ምሕረቱን ሳይለውጡ ማተማቸውን ቀጠሉ። ከምስሏ ሥር የሚታዩት «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት በዛሬዋ ደቡብ ጀርመን በምትገኘው በጉንዝበርግ ማተሚያ ቤት የነበሩ የሁለት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ፣ ስም መነሻዎች ናቸው። ሹማምንቱ ካለፉ በኋላም ፊደሎቻቸው በሌሎች ከተሞች መታተም አላቆሙም። በ1857 አፄ ፍራንዝ ዮሴፍ ይህ ብር የንግድ ገንዘብ ሆኖ መታተሙን እንዲቀጥል ፈቀደ፤ በ1858 ግን በኦስትሪያ በራሷ ሕጋዊ መገበያያነቱ ቀረ። በአገሩ የማይሠራ ገንዘብ በእኛ ገበያ ንጉሥ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ ማርትሬዛው ላይ ስለ ዕድሜው ምንም የማይነግረን ነገር ቢኖር ያ የምንጓጓለት 1780 ነው። እስከ ዛሬ ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደታተመ ይገመታል፤ ሁሉም 1780 ይላሉ። የቪየናው ማተሚያ ቤት ዛሬም ያትመዋል።

ዓመቱን ለምን አልለወጡትም? መልሱ ከእኛው ገበያ ይመጣል። በዚያ ዘመን በአገራችን ያለፉ መንገደኞች እንደጻፉት፣ ነጋዴው ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ የራስ ጌጥና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይመረምራል፤ ሁለቱ ፊደላት መኖራቸውን ያረጋግጣል። ነጥቡ የጠፋ፣ ያለቀ ወይም እንግዳ መልክ ያለው ከሆነ ይመልሰዋል። ማንበብ የማይችለው ባላገር እንኳ ይህን ያውቅ ነበር፤ ገበያው ራሱ ማኅደር ነበርና። አባት ለልጅ፣ ጓደኛ ለጓደኛ ያስተላለፈው ዕውቀት አዲሱን ነጋዴ ከኪሳራ ያድነው ነበር።

ይህን ገበያ ሊያታልል የሞከረ አልተሳካለትም። ጣልያን በ1918 ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ ማርትሬዛን የሚመስል ብር አሳትማ ነበር፤ ሕዝቡ አልተቀበለውም። አፄ ምኒልክም ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ የራሳቸውን ብር ቢያሳትሙም የማርትሬዛን ቦታ መውሰድ ከብዶት ቆየ። ዛሬ ገንዘባችንን «ብር» ስንል የብረቱን ስም እየጠራን መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚያ 1935 መጣ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ወታደሩ በአገራችን ገበያ የሚገዛበት ገንዘብ አስፈለገው። ከኦስትሪያ ጋር ተዋውሎ የማተሚያ ቅርጹን ወሰደና በሮም ማተም ጀመረ። ሌሎቹም ዝም አላሉም። ፓሪስ በዚያው ዓመት፣ ለንደን በ1936፣ ብራስልስ በ1937 ማተም ጀመሩ። ጦርነቱ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲደርስ ደግሞ በ1940 እና በ1941 ቦምቤይ ታተመ። በ1945 ኢትዮጵያ አዲሱን ገንዘቧን ስታወጣ የማርትሬዛ ዘመን በይፋ አበቃ፤ በየመን ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሠርቷል።

ስለዚህ አያታችን የተዉልን ማርትሬዛ የ1780 ላይሆን ይችላል። ለወራሪው ጦር ስንቅ መግዣ በሮም የተመታ ሊሆን ይችላል። ወራሪው በተባረረበት ጊዜ ከቦምቤይ በመርከብ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ይህ ከ1780 ያነሰ ታሪክ አይደለም።

የትኛው እንደሆነ እንዴት ይለያል? ይህም ተመዝግቧል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ማርትሬዛ በኢትዮጵያ እንዴት እንደሠራ ሰፊ ጥናት ጽፈዋል። ብሩም የተባለ ተመራማሪ በ1972 በለንደኑ ማኅበር መጽሔት ላይ ከ1780 በኋላ የታተሙትን በየማተሚያ ቤታቸው ለይቶ አቀረበ። ሃፍነር የተባለው ሰብሳቢ ደግሞ ዓይነቶቹን በዝርዝር ቁጥር ሰጥቶ መዘገበ፤ ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ በዚያ ቁጥር ይግባባሉ። የሚነጻጸሩት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፦ በትከሻ ጌጡ ላይ ያሉት ሉሎች፣ በጀርባው ያለው ባለ ሁለት ራስ ንስር የጅራቱ ላባዎች አቀማመጥ፣ የሁለቱ ፊደላት መጠንና ነጥባቸው፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ጽሑፍና ጌጥ። የጠርዙ ጽሑፍ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» ማለት ነው።

እቤት ሆነን ማድረግ የምንችለው ሥራ አለ። በትንሽ የወርቅ ሚዛን እንመዝነው፤ ትክክለኛው 28 ግራም ከትንሽ ነው፣ ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም። ብዙ ያገለገለ ወይም የተበሳ ከሆነ ክብደቱ ትንሽ ሊጎድል ይችላል። የፊቱን፣ የጀርባውንና የጠርዙን ፎቶ በጥሩ ብርሃን እናንሣ። አናሻሸው፣ በኬሚካል አንጠበው፤ ሰብሳቢ የታጠበ ሳንቲም አይወድም።

ይህን ካደረግን በኋላ ጥያቄያችን «አሮጌ ነው ወይ?» መሆኑ ይቀራል። «28 ግራም ነው፣ የትከሻው ጌጥ እንዲህ ነው፣ የንስሩ ጅራት እንዲህ ነው፤ የሮም ነው ወይስ የለንደን?» ይሆናል። እንዲህ የጠየቀን ሰው የሚያውቅ ሰው በደስታ ይመልስለታል። ገዢም ቢሆን በቀላሉ አያታልለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ጉዳት አለ። አንዱ፣ ሳያጣራ ወደ ብር ቤት የሮጠ ሰው ምናልባት ብርቅ የሆነውን ዓይነት በግራም ሸጦት ይመጣል፤ በማግስቱ ቀልጦ ቀለበት ወይም መስቀል ይሆናል። ሌላው፣ «የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ ነው» ብሎ ትልቅ ዋጋ የጠበቀ ሰው ከገዢው ሁሉ ጋር ይጣላል፤ አብዛኛው ማርትሬዛ የሚሸጠው በውስጡ ካለው ብር ዋጋ ብዙ ሳይርቅ ነውና። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ ቀልጦ ያለቀውን ግን መልቀምም አይቻልም።

በየትኛውም ካታሎግ የማይገኝ አንድ መልስ ግን አለ። ይህ ብር ወደ ቤታችን እንዴት ገባ? ቡና ተሸጦበት ነው? በበቅሎ ጭነት ተገኝቶ ነው? የጥሎሽ ነው? ማተሚያ ቤቱን መጽሐፍ ይነግረናል፤ ይህን ግን የሚያውቁት እማማና አባባ፣ አክስትና አጎት ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይጠብቁንም። ተጽፎ የተቀመጠውን ከመዝገብ እንፈልግ፤ የሽማግሌዎቻችንን ጊዜ ደግሞ እነሱ ብቻ ለሚመልሱት ጥያቄ እናውለው። የነገሩንንም በወረቀት ጽፈን ከብሩ ጋር በዚያው ጨርቅ እንቋጥረው፤ የነገው ልጅ ሲፈታው ለጥያቄው መልስ ያገኛል።