ጣትና ጆሮ፦ የሰበታው ትምህርት ቤትና የዓይነ ስውራን ንባብ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሰበታ ዛሬ ስሟ የሚነሣው በፋብሪካዎቿ ነው። ከተማዋ ግን ከብዙዎቹ ፋብሪካዎች የሚቀድም ሌላ ታሪክ አላት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጎ አድራጎት ድርጅት መርሐ ዕውራን አዳሪ ትምህርት ቤትን የከፈተው እዚሁ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲወራ አንድ የተለመደ አተራረክ አለ፦ ቀድሞ ዓይነ ስውር ሰው ዕጣው ልመና ነበር፤ በጣት የሚነበበው ብሬል መጣ፣ ብርሃንም ሆነ። ይህ አተራረክ ግማሽ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ግማሽነቱም ያለፈውን በማሳነስ ብቻ አይቆምም፤ ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር ወደ ዓይነ ስውራን ትምህርት ሲገቡ የምንሠራውን ስህተት የሚያዘጋጅልንም እሱ ነው። ትናንት ብሬል ስለመጣ የቃል ትምህርት አርጅቷል ተባለ፤ ዛሬ ደግሞ ስልኩ ስላነበበ ብሬል አርጅቷል እየተባለ ነው።

ከብሬል በፊት የነበረውን ባዶ ሜዳ አድርገን መቁጠር የለብንም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ብራና ውድ፣ መጽሐፍም ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ የትምህርቱ ዋና መሣሪያ ጆሮና ትዝታ ሆነ። ዳዊት በቃል ይያዛል፤ ድጓን የሚያክል መጽሐፍ ከየኔታ አፍ እየተሰማ፣ እየተቀጸለ፣ እየታረመ ይጠናል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ሌሊት ሲያወጣና ሲያወርድ ያደረውን ቅኔ ያለ ብራና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በቃል ያርመዋል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ዓይነ ስውሩ የቆሎ ተማሪ ከጓደኛው ጋር የሚራራቅበት ምክንያት ጠባብ ነበር። ዓይነ ስውራን የዜማና የቅኔ መምህራን ወንበር ዘርግተው ማስተማራቸውም ለዚህ ምስክር ነው። በእስልምናም በኩል ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ዓይነ ስውር ሐፊዝ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰበታ ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ማኅበረሰብም ሕጉንና ታሪኩን በቃል ሲያወርስ የኖረ ነው። በቃል የሚማር ማኅበረሰብ፣ ሳያስበው እንኳ፣ ለማያይ ሰው በር ክፍት ትቶለት ነበር።

ይህን ስል ድሮን እያሳመርክ ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። በዚያ በር የገቡት ጥቂት ወንዶች ናቸው፤ ዓይነ ስውር ሴት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እቤት ተደብቃ ቀርታለች። ተማሪውም ቢሆን የሚኖረው በልመና ነበር፤ ዓይነ ስውርነትን እንደ እርግማን የሚያየው ዓይንም በሊቅነቱ ብቻ አልተነሣለትም። ሁሉንም እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ እነዚህ የማኅበረሰቡ በደሎች ናቸው እንጂ የዘዴው ጉድለቶች አይደሉም። የዘዴው ጉድለት ሌላ ነው፦ በቃል የተማረ ሰው መምህሩ ያልያዘውን ሊያነብ አይችልም፤ የራሱንም ሐሳብ ሌላ ሰው ካልጻፈለት በወረቀት ሊያኖር አይችልም። የሰበታው ትምህርት ቤት ትልቅነት ያለው ይህን በመስበሩ ነው።

የሰበረበትም መንገድ ሊደነቅ ይገባል። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በ1820ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የቀመረው ሥርዓት ስድስት ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ ከእነሱ የሚወጣው ቅርጽ ስልሳ ሦስት ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ሠላሳ ሦስቱ ቤት በሰባት ሲባዛ ብቻ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቅርጽ መስጠት ስለማይቻል የአማርኛ ብሬል ፊደሉን ከሁለት ከፈለው፦ መጀመሪያ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው ይጻፋል። ተማሪው ስሌት በተባለው ሰሌዳና ስታይለስ በተባለው መውጊያ ወረቀቱን ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ገልብጦም ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። ስለ አማርኛ ፊደልና አፋን ኦሮሞ ስለሚጻፍበት ቁቤ አደባባይ ላይ ብዙ ስንከራከር፣ የብሬል ተማሪ በሁለቱም ቋንቋዎች ተነባቢና አናባቢን ለየብቻ በዚያው በስድስቱ ነጥብ ሲዳስስ ኖሯል። ከዚህ ንባብ የተገኘው ነገር የፈተና ወረቀት ብቻ አይደለም። ዓይነ ስውር ሰው ደብዳቤውን ለጎረቤት ሳያስነብብ፣ ምሥጢሩን ጠብቆ፣ ብቻውን ማንበብ ቻለ። ከዚያም መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና ሙዚቀኞች ወጡ፤ ሰበታም የልዩ ፍላጎት መምህራን የሚሠለጥኑባት ከተማ ሆነች።

አሁን ሦስተኛው ዘመን መጥቷል። ከሬዲዮና ከካሴት ቀጥሎ የስክሪን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ሶፍትዌሮች ደረሱ። ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ኤንቪዲኤ የተባለው ሶፍትዌር በነጻ የሚታደል ነው፤ አብሮት የሚሠራው ኢስፒክ የተባለው የንግግር ሶፍትዌርም አማርኛ ያነባል። እዚህ ላይ ጠንካራው ክርክር ይነሣል፦ አንድ መጽሐፍ በብሬል ሲታተም ብዙ ወፍራም ጥራዝ ይሆናል፤ ወረቀቱ ውድ ነው፣ ማተሚያው ጥቂት ነው፤ ስልክ ግን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ይሸከማል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ 1.6 የሚሆነው ሕዝብ ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ለዚህ ሁሉ ሰው ብሬል ማዳረስ ካልተቻለ ለምን በድምፅ ብቻ አንሄድም?

መልሴ፣ የሚሰማ ሁሉ የሚነበብ አይደለም የሚል ነው። በድምፅ ብቻ የተማረ ልጅ ፀሐይ በየትኛው «ፀ» እንደምትጻፍ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሒሳብ ስሌት፣ የሠንጠረዥ ረድፍ፣ የግጥም ስንኝ አሰላለፍ በጣት ሲዳሰስ ቦታ አለው፤ በጆሮ ግን ሽው ብሎ ያልፋል። በአማርኛ ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለ፦ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «አለ» የተናገረ ነው ወይስ ያለ? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው? አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል፤ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ይስተዋል፣ አድማጩም የማሽኑን ስህተት ተሸክሞ ይቀራል። ማየትም መስማትም የተሳነውን ሰውማ ድምፅ ጨርሶ አይደርሰውም። ወጪውን በተመለከተ፣ የተጻፉ ሥራዎችን ለዓይነ ስውራን በሚመች መልክ ማባዛትን የሚፈቅደው የማራካሽ ስምምነት በ2013 እ.ኤ.አ. ተፈርሟል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ስምምነቱ የባለመብትን እንቅፋት ያነሣል እንጂ ማተሚያ አይገዛም። ማተሚያውን መግዛት የመንግሥትና የአሳታሚዎች ሥራ ነው።

ስለዚህ አንዱን ዘዴ በሌላው መተካት ትክክል አይደለም። ስልኩ ይግባ፣ በሰፊውም ይግባ፤ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ድምፁም ይሻሻል። ነገር ግን ማንኛውም ዓይነ ስውር ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ስሌትና ስታይለስ ይሰጠው፤ የቃል ጥናቱንም መምህራን እንደ ኋላ ቀር ልማድ አይናቁት፤ ዛሬ በስልክ የሚያዳምጠውን ጆሮ ያሠለጠነው እሱ ነውና። የክልል ትምህርት ቢሮዎችና ትምህርት ሚኒስቴር አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ ሲያሳትሙ የብሬሉን ቅጂ ከታተመው እኩል፣ በዚያው ዓመት፣ ለተማሪው እጅ ያድርሱ።