ጠመኔ፣ ፎስፎሊፒድና ካላዛር

የነጭ ዓባይን ውኃ ተከትሎ ከጁባ ወደ ሰሜን የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ቦርን ያገኛል። ከቦር ወዲያ ወንዙ ዳርና ዳሩ በማይለይበት በሱድ ረግረግ ውስጥ ይሠወራል። ከረግረጉ በስተምዕራብ የሌር አገር፣ በስተምሥራቅ ደግሞ የፋንጋክና የላንኪየን አገሮች ይገኛሉ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ስለሚሆን ዛሬም ቢሆን መድኃኒት ወደነዚህ ቦታዎች የሚደርሰው በአብዛኛው ከጁባ በሚነሣ ትንሽ አውሮፕላን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ታሪክ በተጀመረበት ጊዜ ግን ይህም አልነበረም። ጁባ በመንግሥት ጦር እጅ፣ ዙሪያዋ በአማፅያን እጅ ስለነበረ፣ ከተማዋና የላይኛው ዓባይ ገጠር አንዱ ለሌላው የውጭ አገር ያህል ሆነው ነበር። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1984 ገደማ በላይኛው ዓባይ ምዕራባዊ ክፍል አንድ እንግዳ በሽታ ገባ። ሰው ለሳምንታት ይተኩሰዋል፤ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ይሞላዋል፤ ካልታከመም ይሞታል። በሽታው ካላዛር ነበር። የዓለም ጤና ባለሙያዎች ነገሩን የተረዱት በ1988፣ ከጦርነቱ የሸሹ የደቡብ ሰዎች ታመው ካርቱም ከደረሱ በኋላ ነው። በ1989 ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የሆላንድ ክፍል በሌር የሕክምና ጣቢያ ከፈተ። ዶክተር ጂል ሲማንና ባልደረቦቿ በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንደገመቱት፣ ከ1984 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት 280,000 ያህል ሕዝብ ከነበረበት አገር 100,000 ያህሉ አለቀ። አሃዙን ደግመው ያንብቡት፤ ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው።

በዚያው በ1989 የጁባ ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ምክንያት ወደ ካርቱም ተዛወረ። ዩኒቨርሲቲው በ1975 የተቋቋመው፣ በ1972 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ካስገኛቸው ፍሬዎች አንዱ ሆኖ ነበር። ወደ ጁባ የተመለሰው ከ2005ቱ ስምምነት በኋላ ነው። እንግዲህ ደቡቡ መርማሪ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት የራሱ የትምህርት ቤት ከአጠገቡ አልነበረም።

ካላዛር ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። በሑመራና በመተማ የእርሻ ቦታዎች፣ በኦሞ ሸለቆም የቆየ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ግራርና በደኖ የበቀለበትን፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀውን የመረሬ መሬት ትወዳለች፤ ይህ ዓይነቱ መሬት ደግሞ ድንበር አያውቅም። በ2005 በሊቦ ከምከም በሽታው ሲነሣ መጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። በሊቦ ከምከምም ሆነ በሌር የሰው ሰውነት በሽታውን ከዚያ በፊት አያውቀውም ነበርና ጉዳቱ ከበደ።

የቆየው መድኃኒት ከአንቲሞኒ የተሠራ መርፌ ነው። በየቀኑ፣ እስከ 30 ቀን ይወጋል። ያማል፤ ልብንና ቆሽትን ይጎዳል። በደቡብ ሱዳን ከፓሮሞማይሲን ጋር ተዳብሎ ወደ 17 ቀን አጠረ፤ ነገር ግን ያው መርፌ ነው። ስለዚህ የሚዋጥ መድኃኒት ተገኘ የሚለው ወሬ ሲሰማ የነበረው ደስታ ቀላል አልነበረም። ይህ መድኃኒት ሚልቴፎሲን ይባላል። ምንነቱን ለመረዳት ግን ወደ ሌላ ታሪክ ጥቂት መዞር ያስፈልጋል።

በ1903 ሁለት ነገሮች ሆኑ። ሌይሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የካላዛርን ተውሳክ፣ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው፣ ለዓለም አስታወቁ። በዋርሶ ከተማ ደግሞ ሚካኢል ጽቬት የተባለ የዕፀዋት ተመራማሪ ስለ አንድ አዲስ የመለያ ዘዴ ንግግር አደረገ። ጽቬት በመስታወት ቱቦ ውስጥ የጠመኔ ዱቄት ጠቅጥቆ የቅጠል ጭማቂ ከላይ ያፈስበታል፤ ከዚያም አሟሚ ፈሳሽ ሲያወርድበት አረንጓዴውና ቢጫው ቀለም እየተለያየ በቱቦው ላይ ቀለበት ቀለበት ይሠራል። ጠመኔውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለም ወደ ኋላ ይቀራል፤ አሟሚውን የሚወደው ይቀድማል። በ1906 ዘዴውን ክሮማቶግራፊ ብሎ ሰየመው፤ በግሪክኛ የቀለም ጽሕፈት ማለት ነው። ጽቬት የሚለው የራሱ ስምም በሩስኛ ቀለም ማለት መሆኑን ስናስብ፣ ሰውየው ስሙን በዘዴው ውስጥ ሸሽጎት ይሆን ያሰኛል።

ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት ለሚፈልግ መምህር ውድ ዕቃ አያስፈልገውም። የቆስጣ ቅጠል በንጹሕ አልኮል ወቅጦ ማጥለል፣ ከዚያም አንድ ነጭ ጠመኔ በጭማቂው ውስጥ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ነክሮ ማቆም ይበቃል። ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴውና ቢጫው ተለያይተው ጠመኔውን ሲወጡ ተማሪዎች በዓይናቸው ያያሉ። ከእሳት መራቅ ብቻ አይዘንጋ።

የጽቬት ሥራ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ቆየ። በ1941 ማርቲንና ሲንጅ የተባሉ እንግሊዛውያን አንዱን ፈሳሽ በደቃቅ ዱቄት ላይ አስይዘው ሌላውን ፈሳሽ በላዩ ላይ በማሳለፍ ዘዴውን አራቀቁት፤ በ1952ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዱቄቱ እጅግ ደቀቀ፤ ፈሳሹም በከባድ ግፊት በፓምፕ መገፋት ጀመረ። በጽቬት ዘመን ሰዓታት ይወስድ የነበረው ሥራ በደቂቃዎች ማለቅ ጀመረ።

ፎስፎሊፒድ ደግሞ ስብ ነው፤ ግን ከሌላው ስብ የሚለይበት ጠባይ አለው። አንዱ ጫፉ ፎስፎረስ ይዞ ውኃን ይወዳል፤ ሌላው ጫፉ ውኃን ሸሽቶ ከቅባት ጋር ይጠጋል፤ እንደ ሳሙና ማለት ነው። የሴል ሽፋን ሁሉ የተሠራው በዚህ ነው። ጎብሌ የተባለ ፈረንሳዊ ፋርማሲስት በ1840ዎቹ ከእንቁላል አስኳል ያወጣው ሌሲቲን ዋነኛው ምሳሌ ነው፤ ስሙም የተወሰደው አስኳል ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ፎስፎሊፒድን ከደም ወይም ከሥጋ ለማውጣት በ1957 ፎልች የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ ሁለት እጅ ክሎሮፎርም ከአንድ እጅ ሜታኖል ጋር የመቀላቀልን ዘዴ አሳተሙ። ዘዴው እስካሁን ይሠራበታል።

ማውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ መለካቱ ሌላ። የቅጠል ቀለም በዓይን ይታያል፤ ፎስፎሊፒድ ግን ቀለም የለውም፤ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንኳ በደካማው ነው የሚታየው። በዓምዱ ውስጥ ተለይቶ ቢወጣም፣ መውጣቱን የሚናገር ምስክር ያስፈልጋል። ይህን ምስክር በተሟላ ሁኔታ ያስገኘው ከዓምዱ ጫፍ ላይ የተቀጠለው ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። ይህ መሣሪያ ሞለኪዩሉን ኤሌክትሪክ አሸክሞ በክብደቱ ይለየዋል፤ ሰብሮም ስባሪውን ይመዝናል። ዕውቅ መጠን ያለው ተመሳሳይ ንጥረ ነገር አስቀድሞ በናሙናው ውስጥ ይጨመርና ሁለቱ ይነጻጸራሉ፤ ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ የብረት ክብደት እንደሚፈትነው መሆኑ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። ሚልቴፎሲን ፎስፎሊፒድን የሚመስል ሰው ሠራሽ ሞለኪዩል ነው፤ የሌሲቲንን ውኃ ወዳድ ራስ ይዞ 16 ካርቦን ያለው አንድ ጅራት ብቻ አለው። በጀርመን አገር በጎቲንገን ሲሠራ የታሰበው ለካንሰር ነበር። በ1980ዎቹ ለንደን ውስጥ በካላዛር ተውሳክ ላይ ተሞክሮ ተውሳኩን እንደሚገድል ታወቀ። በ2002 በሕንድ 299 በሽተኞች ውጠውት 94 በመቶ ዳኑ፤ በዚያው ዓመት ሕንድ መድኃኒቱን ፈቀደች። በእኛ አገር በሑመራ በ580 ወንዶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2006 ታተመ፤ ከአንቲሞኒው መርፌ ይልቅ በሕክምና ላይ ሳሉ የሞቱት ያነሱ ነበሩ።

ቀጥሎ ግን በኬንያና በሱዳን ብቻውን ለ28 ቀን ሲሰጥ ሕንድ ላይ የታየው አልታየም። በተለይ ከልጆች የዳኑት 59 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ መድኃኒቱን ውጠዋል፤ መጠኑም ለአዋቂዎች በተሰጠው ልክ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 2.5 ሚሊግራም ነበር። ታዲያ ምን ጎደለ? ተውሳኩ ጠነከረ ሊባል ይችላል፤ ሕፃኑ አስመለሰው ሊባል ይችላል። በግምት ግን የትም አይደረስም፤ መልሱ ያለው ደም ውስጥ ነው።

የደሙም ነገር ቀላል አይደለም። በአንድ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 2 ግራም ገደማ የሰውየው የራሱ ፎስፎሊፒድ አለ፤ መድኃኒቱ ከነዚህ ዘመዶቹ መካከል ተለይቶ መውጣት አለበት። ሚልቴፎሲን ደግሞ በብርሃን ጨርሶ አይታይም። በ2008 ቶማስ ዶርሎና ባልደረቦቹ በአምስተርዳም ያሳተሙት የፈሳሽ ክሮማቶግራፊና የማስ ስፔክትሮሜትር ዘዴ በአንድ ሚሊሊትር ፕላዝማ ውስጥ 4 ናኖግራም እንኳ ቢኖር ይለካል። ይህም ማለት 200 ሊትር በሚይዙ አምስት በርሜሎች ውኃ ውስጥ የተበተነ 4 ሚሊግራም እንደ ማግኘት ነው። በአፍጋኒስታን የቆዳ ሌይሽማንያ በያዛቸው 31 የሆላንድ ወታደሮች ላይ ሲሞከር፣ ሕክምናው ካለቀ ከአምስት ወር በኋላ እንኳ መድኃኒቱ በደማቸው ተገኘ። መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ፣ የምትታከም ሴት ከሕክምናው በኋላ ለወራት ከእርግዝና መጠበቅ እንዳለባት የሚነገረው በዚህ ዓይነት ልኬት ተደግፎ ነው።

የልጆቹ ደም ሲለካ ነገሩ ተገለጠ። በኪሎ ተመሳሳይ መጠን ቢወስዱም በደማቸው የተገኘው መድኃኒት ከአዋቂዎቹ ያነሰ ነበር። የትንሽ አካል ሥራ ከክብደቱ ጋር በቀጥታ አይቀንስም፤ ልጅ መድኃኒቱን ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ፈጥኖ ያስወግዳል። የሒሳብ መምህራን ይህን በሰሌዳ ላይ ሊያሳዩት ይችላሉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 150 ሚሊግራም ቢወስድ፣ በቀድሞው ደንብ 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አንድ አራተኛውን፣ 37.5 ሚሊግራም ይወስዳል። አካል መድኃኒትን የሚያስወግድበት ፍጥነት ግን ከክብደት ጋር የሚያድገው በሦስት አራተኛ ኃይል ያህል ነው። አራትን ሦስት ጊዜ እናባዛ፣ 64 ይሆናል፤ ካሬ ሥሩ 8፣ የ8 ካሬ ሥር ደግሞ 2.83 ነው። 150ን ለ2.83 ስናካፍል 53 እናገኛለን። ልጁ በየቀኑ ሊያገኝ ይገባው ከነበረው ወደ 15 ሚሊግራም ቀርቶበታል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት ስሌት ቁመትንና ጾታንም ስለሚጨምር ከዚህ ረቀቅ ይላል፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።

በአዲሱ ስሌት በኬንያ ካቼሊባና በኡጋንዳ አሙዳት 30 ልጆች ታከሙ፤ በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት 27ቱ ዳኑ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ተውሳኩም ያው ነው፤ የተለወጠው የመጠኑ ቁጥር ብቻ ነው። ቀጥሎም ሚልቴፎሲንን ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን የመስጠት ሙከራ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ በ439 በሽተኞች ላይ ተደርጎ በ2023 ታተመ፤ ከ10 ከ9 በላይ ዳኑ። ከኢትዮጵያ ጎንደርና አብደራፊ ተካፍለዋል። እነዚሁ ሁለት ቦታዎች ኤች አይ ቪም ካላዛርም ላለባቸው በሽተኞች ሚልቴፎሲንን በፎስፎሊፒድ ከረጢት ከተጠቀለለው አምፎቴሪሲን ጋር ማዳበልን ፈትነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያን ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ መክሯል።

ደቡብ ሱዳን በ439ኙ ውስጥ አልነበረችም። ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ በጆንግሌይና በላይኛው ዓባይ ካላዛር እንደገና ተነሥቶ በፋንጋክና በላንኪየን ብዙ ሺህ ሰው የታመመው ግን በዚያችው አገር ነው። ናሙናን በቅዝቃዜ ጠብቆ ከላንኪየን ጁባ፣ ከጁባ አውሮፓ ማድረስ ማቀዝቀዣና መብራት ይጠይቃል። በ2016 የታተመ አንድ ዘዴ ይህን ችግር በከፊል አቃልሏል። ከጣት የወጣ የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ይደርቃል፤ ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ይላካል፤ ቤተ ሙከራው ክቡን ቆርጦ በአሟሚ ያርሰውና ወደ ዓምዱ ያስገባዋል። ሚልቴፎሲን በደረቀው ወረቀት ላይ ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያል።