የጊታር ክርና የአረካ ፎቶ ኮፒ ቤት

ዛሬ ትንሽ የሶፍትዌር ታሪክ ላውጋችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የጊታር ክር የሚያመርተው ኤርኒ ቦል ኩባንያ ላይ ፌዴራል ማርሻሎች የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘው ከተፍ አሉ። ያመጣቸው ቢ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የሶፍትዌር አምራቾች ማኅበር ነው። ኮምፒውተሮቹ ተፈተሹ፤ አንዳንዶቹ ላይ ፈቃድ ያልተከፈለበት ፕሮግራም ተገኘ። ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው የጠበቃን ጨምሮ 100 ሺህ ዶላር ገደማ ወጣበት። ባለቤቱ ስተርሊንግ ቦል ተናደደ። ተናዶ ግን አልቀረም፤ ድርጅቱን ከማይክሮሶፍት አውጥቶ ወደ ሊኑክስና ኦፕን ኦፊስ አዛወረው።

መሄጃ የነበረው ሌሎች ቀድመው ስለሠሩለት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የግኑን ሥራ በ1983፣ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1991 ጀምረዋል። ፈቃዳቸው “ተጠቀም፣ ቅዳ፣ አሻሽል፤ ስታካፍል ግን ያንኑ መብት ለሌላውም ስጥ” ይላል። እዚህ ላይ አማርኛችን ጥሩ አድርጎ ይለያል፦ ነገሩ “በነጻ” መሆኑ ሳይሆን “ነጻ” መሆኑ ነው።

ወደኛ እንምጣ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ይጠብቃል። ሲወጣ ሆን ብሎ በጣሰ ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። ግን አዋጁ በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን ሥራና እዚህ የታተመውን ነው፤ የውጭውን የሚያቅፈው አገራችን የገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ካለ ነው። አዋጁ ሲወጣ ደግሞ የበርን ስምምነት አባል አልነበርንም። እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ፦ በሕጉ ይበልጥ የተጠበቀው የአገር ልጅ የደከመበት የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ገበያ ላይ ግን እሱም ዊንዶውሱም በአንድ ፍላሽ ተቀዱ። የተጎዳው ማይክሮሶፍት አይደለም፤ የኛው ሰው ነው።

ይሄ ሁሌ እንዲህ አይቀጥልም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት፣ ትሪፕስ፣ አባል አገር የውጭ ፕሮግራምንም እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ያን ጊዜ ጥያቄው አረካ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ሶዶ ያለው ሆቴልና የግል ኮሌጅ ድረስ ይመጣል።

“ሊኑክስ የፈረንጅ ቅንጦት ነው” የሚለኝ አይጠፋም። ወዳጄ፣ ሳታውቀው እየተጠቀምክበት ነው። እጅህ ላይ ያለው አንድሮይድ ልቡ ሊኑክስ ነው። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ምንጩ ክፍት ነው። የፋይዳ መታወቂያም የተገነባው ሞሲፕ በሚባል ክፍት ሥርዓት ላይ ነው።

ችግር የለውም አልልም። ፒችትሪ የለመደ ሒሳብ ሠራተኛ በአንድ ቀን አይላቀቅም። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይልም ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ ሌላ ማሽን ላይ ዝብርቅርቅ ይላል። ስለዚህ በአንዴ ዝለሉ አልልም። መጀመሪያ ዊንዶውሱ ላይ እንዳለ ሊብሬ ኦፊስን ጫኑ፤ ደብዳቤና ማመልከቻ በሱ ጻፉ። ፋይሎቻችሁን ወደ ዩኒኮድ አዙሩ፤ ፊደላችን እኮ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ነው። ከዚያ አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር ለኡቡንቱ ስጡትና ሞክሩት።

ለወላይታ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የተዘጋ ፕሮግራም ወላይትኛ እንዲናገር ከፈለጋችሁ የባለቤቱን በጎ ፈቃድ ትጠብቃላችሁ። ክፍቱን ግን ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ መተርጎም ትችላላችሁ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

ስተርሊንግ ቦል የነቃው በሩ ከተንኳኳ በኋላ ነው። እኛ ጊዜ አለን። አበው “ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ” ያሉት ለዚህ ነው።

የሞከራችሁት ካላችሁ የት ላይ እንደከበዳችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ እንማማር።